ፒዮ ማልሱን ማናት?

ድምፄን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከሀኑልማሩ ሰፈር አናት፣ ከላውንደሪዬ ደጃፍ ቆሜ ልጄን "ዳሄ!" ብዬ ስጣራ፣ ቡሳን ወደብ ላይ የቆመ መርከብ መልሕቁን ይነቅላል። ሚስቴ "መርከቡ የሚሸሸው ድምፅህ ስለሚያስጠላ ነው" ትላለች። ቅናት ነው። በድምፅ የሚስተካከለኝ ሰው ከዚህ እስከ ሴኡል ባለመኖሩ እሷም ሰው ናትና ይከፋታል።

ስለዚህ ወረዳው ትንሿን አረንጓዴ አውቶቡሳችንን ከዳገቱ ወገብ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሊመልሳት ነው የተባለ ዕለት፣ ሰፈሩ ማንን ቢያይ ጥሩ ነው? እኔን። አዩኝም አላዩኝም እኔ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ።

ምክንያታቸው ብዙ ነው። ተሳፋሪ አነሰ፣ መንገዱ ጠበበ፣ ሾፌር ጠፋ። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ እኛ ጋ የሚያደርሰው ደረጃ ብቻ ነው፤ ደረጃ ስላችሁ ደግሞ ፍየል መሀል ላይ ቆማ "ምን አስወጣኝ?" ብላ የምታስብበት ደረጃ ነው። እኔ እንኳ፣ በወጣትነቴ ኮርቻ የሌለው ማዕበል እጋልብ የነበርኩ ሰውዬ፣ ግማሹ ላይ ስደርስ ጫማዬን የማስር እመስላለሁ።

ነገሩ ሁላችንንም የሚያስከፋ ነበር። የኪሆን እናት ግን ከቤቷ የሚነቅላት ነበር።

የኪሆ እናት ታች ገበያ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። ጉልበቷ ካለቀ ቆይቷል፤ ባሏ ከሞተ ደግሞ የበለጠ ቆይቷል። አንድ ልጇ ኪሆ ሩቅ፣ ኢንቾን ከተማ ነው የሚኖረው፤ በስልክ ቁርጡን ነግሯታል፦ "እማ፣ አውቶቡሱ ከቆመ መኪና ይዤ እመጣና እወስድሻለሁ። ደረጃ ላይ ወድቀሽ ሰው እስኪያገኝሽ አልጠብቅም።" የኪሆ ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ ደመና የሚያልፍበት ፎቅ።

"ከዚያ ላይ ሆኜ ማንን እሰድባለሁ?" አለችኝ የባሏን አሮጌ ካፖርት ልታሳጥብ መጥታ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ካፖርቱን ያመጣችው ለጉዞ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ሀኑልማሩ ዝም ብላ ብላ ነው የነቀዘችው። ወረዳው ደግሞ ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ጠርቷል፤ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ለሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገራል።

"የኪሆ እናት፣ እርስዎ ይናገራሉ" አልኳት።

"እኔ? ዓሣ ሻጭ ምን ይናገራል?"

"ዓሣ ሲሸጡ ምንድን ነው የሚያደርጉት? ይጸልያሉ?"

"እጮሃለሁ።"

"በቃ!"

ልምምዱን ላውንደሪዬ ውስጥ አደረግነው። እንፋሎቱ እየተነነ፣ የካውያ ጠረጴዛውን መድረክ አድርጌ፣ ታጥበው በላስቲክ የተሸፈኑትን ኮቶች በሰልፍ ሰቀልኳቸው። "እነዚህ ሹማምንት ናቸው" አልኳት። "ጥቁሩ ምክትል ኃላፊው ነው። ጫፍ ላይ ያለው ግራጫው ዋናው።" መጀመሪያ ላይ የኪሆ እናት ለኮቶቹ ጎንበስ እያለች "ጊዜያችሁን ወሰድኩ" እያለች ይቅርታ ትጠይቃቸው ነበር። የቶፉ ቤቷ ሴትዮ፣ የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠዋ፣ በር ላይ ቆማ "ኮት ፊት እንዲህ ከሆንሽ ኮቱ ውስጥ ሰው ሲገባበት ምን ልትሆኚ ነው?" ብላ ስታፌዝባት ግን ደሟ ፈላ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልናገር አልችልም፤ ግራጫውን ኮት እንዲያ አድርጋ ስትወርድበት፣ ሊወስደው የመጣው ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ "ይቅርታ፣ ምን አጠፋሁ?" አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን አሰልጥኜ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እርግጥ ነው፣ እኔም ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። የእኔ ንግግር ተራራው ከባሕር ከወጣበት ቀን ይነሳና፣ አያቶቻችን ከጦርነት ሸሽተው በቆርቆሮና በካርቶን ሰፈሩን እንዳቆሙት አልፎ፣ ራሴ በገጠምኩት ግጥም ይደመደማል። ሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዴት ይገባል ላላችሁኝ፣ ቶሎ ቶሎ ልናገረው ነበር።

በቀኑ ሰፈሩ ነቅሎ ወረደ። አውቶቡሷ እኛን ጭና ስትወርድ ሆዷ መሬት ይነካ ነበር። አዳራሹ በር ላይ ስማችንን ከመታወቂያችን ላይ እየገለበጡ መዘገቡንና ገብተን ተቀመጥን። ግማሽ ቡሳን ነበር እዚያ። እሺ፣ ሦስት ሰፈር ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው የዳገቱ ወገብ ላይ የሚኖር ሰውዬ ነው፤ ፀጉሩ በዘይት የተኛ። "አውቶቡሱ ላይ ድረስ ባይወጣ ለእኛ ቶሎ ቶሎ ይመጣልናል" አለ። "ላይ ያለው ሰው ይቅርታ አድርጉልኝና አርጅቷል፣ በየዓመቱ እያለቀ ነው። ለጥቂት ሰው ብለን ብዙ ሰው አናስጠብቅ።" ከታች በኩል ተጨበጨበለት። ችግሩ፣ ሰውዬው መጥፎ ሰው አይመስልም ነበር። መጥፎ ሰው ቢሆን በአንድ ቃል እጥለው ነበር።

ከዚያ ስም የሚጠራው ጸሐፊ ተነሳ። "ፒዮ ማልሱን!"

ማንም አልተነሳም።

"ፒዮ ማልሱን!"

ዞር ዞር አልን። የቶፉ ቤቷ አፏን አጣመመች። "ተመዝግቦ መቅረት! ምን ዓይነት ሴት ናት?"

"እንዲህ ያለችዋ ናት የምታሰድበን" አለች የኪሆ እናት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እያደላደለች። "ለራሷ ካላሰበች ለሌላው አታስብም?"

ጸሐፊው ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ፣ ጠበቀ፣ ሰረዘ፣ ሌላ ስም ጠራ። ሌሎቹ እየተነሱ ተናገሩ፤ አንዱ አለቀሰ፣ አንዱ ስለ ድመት ተናገረ። በመጨረሻ "ማ ቶንግሺክ! የዛሬው የመጨረሻ ተናጋሪ!" ሲባል ተነሳሁ። ከሰፈሬ ሰዎች መሀል የትንፋሽ ድምፅ ተሰማ፤ አድናቆት ነው።

"የዳሄ አባት፣ በአጭሩ!" አለች ሚስቴ።

ማይክራፎኑ ጋ ደርሼ ጉሮሮዬን ስጠርግ የኪሆ እናት ላይ ዓይኔ አረፈ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለኮቶቹ ያለችውን እየደገመች ተራዋን እየጠበቀች ነው። እኔ የመጨረሻው ከሆንኩ ታዲያ የእሷ ተራ የት ገባ?

"ስማ አንተ!" አልኩት ጸሐፊውን፤ መስኮቶቹ ነዘሩ። "የኪሆን እናት ዘለሃታል!"

"የኪሆ እናት የሚባል ስም የለም፣ ጌታዬ። ስማቸው ማነው?"

"ስማቸውማ..." ወደ ሰፈሬ ሰዎች ዞርኩ። "ስማቸው ማነው?"

ከእሷ ጋር ጎመን ያቦካች፣ ባሏን አብራት የቀበረች፣ ሚስቴም ሳትቀር፣ ሁሉም እርስ በእርስ ተያዩ። "የኪሆ እናት ናት'ኮ!" አለች የቶፉ ቤቷ፣ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ።

"የኪሆ እናት፣ ስምዎ ማነው?" አልኳት።

ጥርስዎን አውልቀው ያሳዩኝ ያልኳት ይመስል አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መታወቂያዋን አወጣች፣ ከዓይኗ አርቃ ይዛ አነበበች።

"ፒዮ... ማልሱን።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ሦስት ጊዜ ጠራሁዎ'ኮ፣ እናቴ!" አለ ጸሐፊው።

"እኔን የጠራህ መች መሰለኝ! እኔማ ሰደብኳት!"

እኔም እየሳቅኩ ነበር፣ ሰብሳቢዋ እስክትናገር። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ቁጥብ ሴት ናት። "አዝናለሁ" አለች። "የተሰረዘ ስም አይመለስም። አንዱን ብመልስ ዘግይተው መጥተው የከለከልኳቸው ሁሉ መብት አላቸው። የቀረው የአቶ ማ ተራ ብቻ ነው፤ ይቀጥሉ።"

የኪሆ እናት ገና ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ተቀመጠች። ሳቁ ቀስ ብሎ ወረደ። መታወቂያዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ቦርሳውን ዘጋችው። ልክ ሻንጣ እንደሚዘጋ ሰው ነው የዘጋችው።

በደረቴ ኪስ ውስጥ ተራራው ከባሕር ይወጣል፣ አያቶቻችን ይሰደዳሉ፣ ግጥሙ ይጠብቃል። እንደዚያ ያለ ንግግር ሰው የማያውቀው ሆኖ ሲቀር ለአገር ጉዳት ነው።

"ክብርት ሰብሳቢ" አልኩ፣ "ተራዬን ለሰው ብሰጥስ?"

ሰብሳቢዋ ጸሐፊውን አየች። ጸሐፊው ወረቀቱን ገለባብጦ "የሚከለክል ነገር አላገኘሁም" አለ።

"ለፒዮ ማልሱን ሰጥቻለሁ።"

ከኋላዬ የሚስቴን ድምፅ ሰማሁ፦ "አሞታል መሰለኝ።" ንጉሥ ዘውዱን ጥሎ ያውቃል፣ ባለጠጋ ሀብቱን በትኖ ያውቃል፤ ማይክራፎን ይዞ የለቀቀ የማ ቤተሰብ ሰው ግን ከእኔ በፊት አልነበረም።

የኪሆ እናት ጉልበቷን እየደገፈች መጣች። ማይክራፎኑን ሽታው እንደማያምር ዓሣ ገፋ አደረገችው። መጀመሪያ "ጊዜያችሁን ወሰድኩ" ብላ ጎንበስ አለች። እኔ የኮቴን ጫፍ ይዤ አራገብኩላት። አየችኝ፣ ገባት፣ ከዚያ የገበያው ድምፅ መጣ።

"አንተ ዘይት የተቀባኸው ልጅ! እያለቁ ነው አልክ። አልዋሸህም፣ እያለቅን ነው። እኔ ግን አሁን አለሁ። አሁን ለገበያ እወርዳለሁ፣ አሁን እመለሳለሁ። ስሞት የምትቆም አውቶቡስ ሳልሞት ለምን ትቆማለች?"

ሰውዬው ጫማውን ማየት ጀመረ።

"ስሜን ጠየቃችሁኝ። እኔም ረስቼው ነበር። ማል ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ መጨረሻ። አባቴ ሴት ልጅ በቃኝ፣ ይቺ መጨረሻዬ ትሁን ብሎ ነው ያወጣልኝ። ከእኔ በኋላ ሦስት ሴቶች ተወለዱ።"

ሰብሳቢዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"እናንተም ወረቀታችሁ ላይ የእኛን ፌርማታ 'መጨረሻ' ብላችሁ ጽፋችኋል። ከእናንተ ቢሮ ለሚመጣ ሰው መጨረሻ ነው። እኔ ጠዋት ስነሳ ግን መጀመሪያዬ ነው። አውቶቡሷ ከእኛ ጋ ነው ባዶዋን ተነስታ የምትሞላው። መጀመሪያውን ቆርጣችሁ ምኑን ልታስኬዱ ነው?"

ደወሉ ተደወለ። "ደወልክ? እሺ" አለችና ሄዳ ተቀመጠች።

ስንመለስ አውቶቡሷ ውስጥ ያለው ጫጫታ ሌላ ነበር። ሴቶቹ ስማቸውን ይነጋገራሉ። "አንቺ ኦክቡን ነሽ? ኧረ አትመስይም!" "ምን ልምሰል?" ይሳሳቃሉ። ሚስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። "የእኔን ታውቀዋለህ?" "እንዴ! ሱን..." "እህ? ጨርሰዋ።" ጨረስኩት። አውቶቡሷ ሁለት መታጠፊያ ያለፈችው ስለምትፈጥን እንጂ እኔ አልዘገየሁም።

ውሳኔው ግን አልመጣም። ሰነበተ። የኪሆ እናት ካፖርቱን ልትወስድ መጣች። እኔም በላስቲክ ሸፍኜ ሰጠኋት።

አንድ ጠዋት ፌርማታው ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ሰው ከበበው። እኔ በድምፄ አነበብኩት፦ ቀትር ላይ ጥቂት ምልልስ ይቀነሳል፤ ጠዋትና ማታ ግን አውቶቡሱ እንደ ቀድሞው እስከ ሀኑልማሩ አናት ይወጣል።

"ድገመው" አለች የኪሆ እናት። "ቀስ ብለህ።"

ቀስ ብዬ ደገምኩት። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። የምትሰማው ጮክ ሲል ብቻ ስለሆነ ሁላችንም ሰማን።

"ኪሆ፣ አትምጣ።"

"እማ? ምን ሆንሽ?"

"ምንም። አውቶቡሷ ትመጣለች። እስከ ላይ። ወረቀት ተለጥፏል፣ የላውንደሪው ሰውዬ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ።"

ከወዲያ ማዶ ረጅም፣ ከሆድ የወጣ "እፎይ" መጣ።

"እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? አትቀየሚ።"

"ንገረኝ።"

"ክፍል አልነበረንም። ልጁን ሳሎን ልናስተኛው ነበር። ሚስቴ ስንት ቀን አልተኛችም። አልነገርኩሽም።"

የኪሆ እናት ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "እኔስ? ሊፍት እፈራለሁ። አንድ ቀን ገብቼበት ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት። አልነገርኩህም።"

ኪሆ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ተቀመጠች፣ ከኢንቾን ትንፋሹ ይሰማል፣ እሷም ትተነፍሳለች። አውቶቡሷ ዳገቱን እያጓራች ወጥታ ቆመች፣ በሯን ከፈተች። ሾፌሩ ክላክስ ሊነፋ እጁን ሲያነሳ እኔ ዓይኔን አፈጠጥኩበትና መለሰው።

እኔም አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። የሀኑልማሩ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።