ጋሽ ፍሬን ወንዝ ላይ

የአውቶቡስ ሹፌሩን ተሳፋሪዎቹ «ጋሽ ፍሬን» ይሉታል። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ገና እግሩን ሲያነሳ ፍሬን ይይዛል፤ አውቶቡሱ ውስጥ የቆመው ሁሉ እርስ በርሱ ይላተማል፣ እርግማኑም ከኋላ ይወርድበታል። በዚህ ሥራ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሰው ግን ገጭቶ አያውቅም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቤት ሲገባ ቃል ከአፉ አይወጣም። እራቱ ላይ ያንቀላፋል፣ አልጋው ላይ ሲወጣ ደግሞ ዓይኑ ይፈጣል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሳሎኑን ግማሽ የስፌት መኪናዋ፣ ግማሹን የተማሪ ደንብ ልብስ ክምር ይዞታል። የመጨረሻ ልጃቸው አግብታ ከወጣች ወዲህ በቤቱ የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ማታ ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ፣ «ቅዳሜና እሁድ ወንዝ እንሄዳለን» አለችው።

«ወንዝ ሄደን ምን ልናደርግ?»

«ምንም።»

ጀልባ አከራዩ አንዲት ጠባብ ጀልባ፣ ሁለት መቅዘፊያና አንድ ድንኳን ሰጣቸው። የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን እያሰረላቸው፣ «ወንዙ ዝምተኛ ነው። እናንተ ካልተጣላችሁ እሱ አይገለብጣችሁም» አለ።

ገና ከመነሳታቸው ጀልባዋ እንደ እንዝርት ዞረች።

«ወደ ግራ!» አለች ከፊት የተቀመጠችው ሚስቱ።

«የማን ግራ?»

«ያንተ ነዋ! እኔና አንተ ስንት ግራ አለን?»

አንድ ቅርንጫፍ ከፊታቸው ሲያዘነብል የሰውዬው ቀኝ እግር የጀልባዋን ወለል ድው አደረገው። ሚስቱ ዞር ብላ አይታ በሳቅ ፈረሰች።

«እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ።

«ይሁን፣ የኔም እግር የስፌት መኪናዬን ፔዳል እየረገጠ ነው።»

ከዚያ በኋላ ውሃው ሰፋ፣ ጸጥም አለ። የዋርካ ሥሮች ከዳር ወርደው ጭቃው ውስጥ ተነክረዋል። ሰማያዊ ወፍ ከሸምበቆው ላይ እንደ ድንጋይ ወደቀችና ትንሽ ዓሣ ይዛ ተነሳች። ሚስቱ ልታጫውተው ብላ፣ «ወራጅ አለ!» ስትል ጮኸች።

አልሳቀም። «እባክሽ እሱን ቃል እንኳ ዛሬ ተይልኝ» አለ። እሷም መቅዘፊያዋን አነሳች።

ወንዙ የሚታጠፍበት አሸዋማ ዳርቻ ላይ ድንኳኑን ተከሉ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱም ገብተው ተኙ።

ጠዋት እሱ ቀድሞ ነቃ። ሻይ አፍልቶ ቢጠራት አልመለሰችም። ጎንበስ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ሲያይ ፊቷን ወደ ሸራው አዙራ ተኝታለች፤ ዓይኗ ግን ተገልጧል።

«አሞሽ ነው?»

«አላመመኝም። ደክሞኛል።»

«ትናንት ስለቀዘፍሽ ነዋ።»

«የትናንት አይደለም» አለች ሳትዞር። «አንተ ደከመኝ ስትል ቤቱ ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል። መኪናዬን እንኳ አቆማለሁ። እኔን ደክሞኝ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

ሁልጊዜ እሱ ሲወጣም ሲገባም ተቀምጣ ነው የሚያያት። የተቀመጠ ሰው ይደክመዋል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ዛሬ መነሳት አልፈልግም» አለች፣ ዓይኗንም ጨፈነች።

ውጭ እንደተቀመጠ ሻዩ በእጁ ላይ ቀዘቀዘ። ጀልባዋ ከቀትር በፊት መመለስ አለባት፤ ነገ ማለዳ ደግሞ ተረኛ ነው። ስልኩ መስመር የለውም። በመጨረሻ ጃኬቱን አስሮ ጀልባዋን ብቻውን ወደ ውሃው ገፋ።

ወንዙ ዝምተኛ ቢሆንም ሽቅብ ሲቀዝፉት ይከብዳል። ትከሻው ሲዝል የዋርካ ሥር ጨብጦ ያርፋል፣ ትንፋሹ ሲመለስ ደግሞ ይቀጥላል። ሲደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል።

«ባለቤትህስ?» አለ አከራዩ ደንግጦ።

«ተኝታለች። ጀልባዋን ይዘን እስከ ነገ ብንቆይስ?»

«ጀልባዋን ማን ይፈልጋታል ብለህ! ይዘሃት ሂድ።»

ከአከራዩ ደጃፍ ስልኩ ሠራ። ወደ ስምሪት ክፍል ደወለና ነገ እንደማይገባ ተናገረ።

«ጋሽ ፍሬን? አንተ ነህ? ምን ሆነህ ነው?» አለው አለቃው።

«ደክሞናል።»

«እነማን?»

«እኔና ባለቤቴ።»

አለቃው፣ «እንግዲህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ደህና ዋል ሳይል ዘጋው።

ሲመለስ ውሃው ራሱ ወሰደው። ሚስቱን ጫማዋን ሳታደርግ ዳርቻው ላይ ቆማ አገኛት።

«ብወጣ ጀልባ የለ፣ አንተ የለህ! ውሃ የበላህ መስሎኝ…» አለች።

«አንድ ቀን ለምኜ መጣሁ። ነገ አንሄድም።»

«ደንብ ልብሱስ? ነገ ሊወስዱት ይመጣሉ እኮ!»

«ማክሰኞ ይውሰዱት።»

አተኩራ አየችው። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባት ተመልሳ ድንኳኑ ውስጥ ገባችና በሩን ክፍት ትታው ተኛች። የዛፉ ጥላ ከድንኳኑ አናት ላይ እስኪያልፍ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በቅጠል ዝንብ ሲከላከልላት ዋለ፤ አንዳንዴም ራሱ አንገቱ እየወደቀ ይነቃል።

ከሰዓት በኋላ ፊቷን ታጥባ፣ «ና እስቲ፣ ትንሽ ውሃው ላይ እንሁን» አለችው።

ወንዙ መሃል ሲደርሱ መቅዘፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ጀልባዋ እንደ ፈለገች ቀስ እያለች ሄደች። ካፊያ ጀመረ፤ የውሃው ፊት በየነጠብጣቡ ተበሳሳ።

«እንመለስ?» አለ።

«ትንሽ ቆይ።»

ፀጉሯ ሲረጥብ ኮፍያውን አውልቆ ከኋላዋ ጭንቅላቷ ላይ ደፋላት። እሷም ወደ ኋላ ተንሸራትታ ጀርባዋን ጉልበቱ ላይ ጣለች። ክብደቷን ሁሉ ለቀቀችበት፤ እሱም እንዳይነቀንቃት እግሩን አደላድሎ ተቀመጠ።