ዕድራችን «አልሞተችም» ብሎ የጻፈልኝ ደብዳቤ

እኔ የሺሃረግ፣ የቡራዩዋ፣ ጀርመን አገር ከሞትኩ አራት ዓመት አልፎኛል። የገደለኝ የልጅ ልጄ ሽመክት ነው። ጥገኝነት ሲጠይቅ «ያሳደገችኝ አያቴ አርፋለች፣ አገሬ ሰው የለኝም» ብሎ ፈርሟል። ይህን የነገረኝ ባለፈው ወር ነው፣ በስልክ፣ እየተንተባተበ። ጥያቄውን ውድቅ አድርገውበት፣ በፈቃዱ ሊመለስ ሲመዘገብ ደግሞ ማን እንደሚቀበለው ጠየቁት። ከእኔ በቀር ማን አለው?

«እማማ፣ አክስቱ ነኝ በያቸው» አለኝ።

እንቅልፍ አጣሁ። እንዳልዋሽ መታወቂያዬ ላይ ያለው የሟቿ ስም ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ ዋሸህ ብለው ቢያስሩትስ? ብርድ እንኳ የማይችል ልጅ ነው።

የዕድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ዲሪርሳ ዘንድ ሄጄ፣ በሕይወት መኖሬን ጻፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ። ዕድሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሞተ እንጂ ላልሞተ ጽፎ አያውቅም አሉ፤ ይህን ከጀመሩ አባሉ ሁሉ ይሰለፍባቸዋል።

«መሞቴን ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል? ድንኳን ተክላችሁልኛል?» አልኳቸው።

ጻፉ። «አባላችን ወይዘሮ የሺሃረግ እስከ ዛሬ አልሞቱም። ቢሞቱ ኖሮ የምንቀብራቸው እኛ ነበርን» ይላል። ማኅተምም መቱበት።

ከጀርመን በቪዲዮ የሚጠይቁኝ ዕለት ጎረቤቴ ፌኔት ስልኩን ያዘችልኝ። አንዲት ፈረንጅ፣ አጠገቧ አስተርጓሚ፣ ጥግ ላይ ሽመክት ተቀምጠዋል። ለልጁ ምኑ እንደሆንኩ አስተርጓሚው ጠየቀኝ። ሽመክት ዓይኑን ጨፈነ። አክስቱ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የጎደጎደ ጉንጩን ሳይ ግን አልወጣልኝም።

«አያቱ ነኝ፣ ያቺው ሟቿ። ያሳደግሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የእኔ ነው። እሱን አትንኩብኝ፣ ላኩልኝ ብቻ» አልኩና ደብዳቤውን ካሜራው ላይ ለጠፍኩት።

አስተርጓሚው ሲያነብላት ሳቁ አመለጠው። ሴትዮዋ ብዙ ጻፈች፣ ጻፈችና ቀና አለች። በዚህ ሳምንት ብቻ ከሞት የተነሣሁ ሦስተኛዋ አያት መሆኔን ነገረችኝ፤ ልጁም እንደሚመጣ።

መጣም። ከሚኒባሱ ወርዶ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ሲንሰቀሰቅ ጀርባውን ዳበስኩት። አጥንቱ ይቆጠራል።

«አልቅስ፣ ልጄ። ቀብሬ ላይ አልነበርክም» አልኩት።

ቅዳሜ ተዝካሬን ያበላል። ኦቦ ዲሪርሳ የዕድሩን ድስትና አግዳሚ ፈቅደዋል። ድንኳኑን ግን ከለከሉን፤ አልሞተችም ብለው በማኅተም ጽፈዋላ።