ስለሚፈለጉ

ሸዋዬ ደብተሩን የከሰል ምድጃው ላይ ልትጥለው እጇን ስትዘረጋ ባሏ ካሳሁን በዘይት በተጨማለቀ እጁ ክንዷን ያዛት።

"አብደሻል እንዴ? ይዘሽ ነይ ያሉሽን ደብተር?"

"ይህን ይዤ ከምቀርብ ገመድ ይዤ ብቀርብ ይሻለኛል።"

"ተይ እንጂ አንቺ ሴት! ያከራየነው ብስክሌት ነው፤ መድፍ አይደለም።"

ደብዳቤው የመጣው ትናንት ነው፤ ያደረሰው የቀበሌው ጥበቃ ደምሴ ነበር። "በውጭ አገር ዜጎች እንቅስቃሴ ጉዳይ ስለሚፈለጉ፣ መዝገብዎን ይዘው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንዲቀርቡ" ይላል። የላከው የቱሪስት ጉዳይ ቢሮ መሆኑን ካሳሁን ሦስት ጊዜ አነበበላት። እሷ ግን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት፣ ከደብዳቤው ሁሉ የታያት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ስለሚፈለጉ። በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሟን ሞገስን ሁለት ሰዎች ከምሳ ላይ አስነስተው "ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ" ብለውት ነበር። ይኸው ስምንት ዓመቱ፤ አምስቷ ደቂቃ አላለቀችም።

መዝገቡንም የወለደው ያው ፍርሃቷ ነው። አምና ሆስፒታል ውስጥ ሊሠሩ የመጡ የምሥራቅ ጀርመን ሐኪሞች አስፋልቱ ሰልችቷቸው በገጠር መንገድ እንሂድ ሲሉ፣ ካሳሁን የሦስት ብስክሌቶችን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ነቅሎ ሰፋፊ ጎማ አገባላቸው። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ሱቃቸው የፈረንጅ መሰብሰቢያ ሆነች። ሸዋዬ ደግሞ "አንዱ ገደል ቢገባ የት አደረሳችሁት እንባላለን" ብላ ማን በስንት ሰዓት እንደወጣ፣ በየት በኩል እንደሄደ፣ መቼ እንደተመለሰ አንድ ሳታስቀር ጻፈች። ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ቅጠል መድባ፣ በአንድ ፊት ብቻ እየጻፈች፣ ለገጾቹ ቁጥር ሰጠች። ሃያ ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ "ወደ ቱላ፤ በካምፑ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ፤ አንደኛው ካሜራ ይዟል" ይላል። በወታደር ካምፑ ጀርባ! ካሜራ! በገዛ እጇ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፏ!

ካሳሁን ፊቱን ሲያዞር ያንን ገጽ ገንጥላ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ከዚያ ቀሚሷ ላይ ሁለት ሹራብ ደረበች። በሶም በጨርቅ ቋጠረች።

"በሶው ለምንድን ነው?"

"እስር ቤት ምሳ ሠርተው ይጠብቁኛል?"

"ሁለት ሹራብስ? በአዋሳ ሙቀት?"

"ሲሚንቶ ላይ የማድረው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

ቢሮው ውስጥ ከጠረጴዛው ኋላ ጉልላት የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ባለሙያ ተቀምጧል። ከጎኑ ባለው አግዳሚ ላይ እግሩ አቧራ የለበሰ ገበሬ አለ። "አቶ ኩማ ይባላሉ፤ ከቱላ ነው የመጡት" አላት ጉልላት። ቱላ ሲባል ደረቷ ውስጥ ያለው ወረቀት የጮኸ መሰላት። ጉልላት ደብተሩን ተቀብሎ ያገላብጥ ጀመር።

"እትዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ምንም አልጻፍኩም" አለች። መልሳ ደግሞ፣ "ማለቴ… ጽፌያለሁ፤ ግን ምንም አላሰብኩም።"

"እኔኮ እንዲህ ያለ ነገር ፍለጋ ሁለት ወር ተንከራተትኩ! እንግዳው ሐይቁን አይቶ፣ ዓሣውን በልቶ በማግስቱ ይሄዳል። ብስክሌት ይዞ ገጠር የሚገባው ግን ሦስት አራት ቀን ይሰነብታል፤ ባረፈበት ሁሉ ይገዛል። ይህን በማስረጃ ካሳየሁ መንገዶቹ በእቅድ ይያዛሉ።" ድንገት ጣቱ ቆመ። "ሃያ ስድስት… ሃያ ስምንት። ሃያ ሰባት የት ሄደ?"

"አይጥ… አይጥ በልቶት ይሆናል።"

"መርጦ የሚበላ አይጥ ነው" አለ ጉልላት ሳይስቅ። "የቱላው መንገድ እዚህ ውስጥ የለም። ካልተመዘገበ ደግሞ ላስገባው አልችልም።"

ኩማ ከአግዳሚው ተነሣ። "የለም? እንዴት የለም? ፈረንጅ ብስክሌት ተበላሸበት፣ እኔ ደጅ ወደቀ። ወተት ጠጣ፣ አናናስ በላ፣ ከፈለ። በሳምንት ጓደኛ ይዞ መጣ። ዛሬ ሴቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ላይ ለእነሱ ይሸጣሉ። ዝናብ ሲመጣ ግን ወንዝ ይሞላል፣ ፈረንጅ ይቀራል። ድልድይ የለም።" ወደ ሸዋዬ ዞረ። "ብስክሌቱ ያንቺ ነው አሉ። አንቺ እኛ አገር ትፈለጊያለሽ።"

ሸዋዬ ክው አለች። ዓይኗ ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ላይ ማንም አልቆመም። ሰውየው እጆቹን ዘርግቶ ያያታል፤ ፊቱ ላይ ከልመና በቀር ምንም የለም። ይህች ቃል እንዲህ ተብላ ስትነገር ሰምታ አታውቅም ነበር።

ዞር አለችና እጇን ደረቷ ውስጥ ከተተች። ገጹ በላቧ ርሷል። ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በመዳፏ ደለደለችው።

"አይጧ እኔ ነኝ" አለች።

ጉልላት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። "ካምፑ" ከሚለው ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። እሱም ይፈራል ለካ! ንጹሕ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት።

"እትዬ፣ ይገልብጡልኝ። ይቺን ካምፕ የምትለዋን… ካሜራዋንም…"

"ገባኝ" አለች።

"ደግሞ ከካምፕ የሚርቅ መንገድ አለ" አለ ኩማ። "በእኔ እንሰት በኩል። እኔ አሳያለሁ።"

ሸዋዬ ጽፋ እስክትጨርስ ጉልላት አሮጌውን ገጽ መተርኮሻው ላይ አድርጎ ክብሪት ጫረበት። ሦስቱም አመድ እስኪሆን አዩት።

ደጅ ሲወጡ ካሳሁን ብስክሌቱን ተደግፎ ይጠብቃል። ኩማ ጎህ ሳይቀድ በእግሩ እንደተነሣና እህል እንዳልቀመሰ ነገራት። ሸዋዬ በእጇ ያለውን ቋጠሮ አየች። መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘች፤ እንደገና ቃኘች። ከዚያ በሶውን ለኩማ ዘረጋችለት።

"እንኩ፤ መንገድ ላይ በጥብጠው ይጠጡት።"

"ሹራቡንስ አታወልቂም?" አለ ካሳሁን እየሳቀ።

"እሱ ይቆይ" አለች፤ የላይኛዋንም ቁልፍ ቆለፈች።