ቀይ ነበር የጨመረችው

ባልዲው ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል ውሃው አረንጓዴ ነበር። ሐሊማ ገመዱን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። እሷ የጨመረችው ቀይ ነው።

ያውም የጨመረችው እዚህ አይደለም። የጎረቤቷ የአስማማው ሚስት ኪዲ በወለደች ሰሞን፣ ባለፈው ሐሙስ፣ ሳሙናና ስኳር ይዛ አራሷን ልትጠይቅ ሄደች። ሕፃኑን መረቀች፣ ሻይ ጠጣች፣ ከዚያ «ሽንት ቤት ላስቸግራችሁ» ብላ ገባች። ሱቋ ውስጥ ለሙዳይ ሰፊዎች ከምትሸጠው ቀለም አንድ ጣሳ ቀይ ከሻርፗ ሥር አውጥታ እዚያ ገለበጠችው፤ ሁለት ባልዲ ውሃም አስከተለችበት።

ነገሩ የመጣው በልጅ ልጇ በአብዱልበሲጥ ነው። ልጁ ከክረምቱ ወዲህ ሁለት ጊዜ በተቅማጥ ተኝቷል። ሐኪሙ «የጉድጓዱን ውሃ ተጠራጠሩ» ሲላት የሚጠጣውን በጄሪካን መግዛት ጀመረች፤ የተጠራጠረችው ግን ውሃውን ሳይሆን አስማማውን ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው ይህ ጎረቤቷ ከግንቡ ወዲያ አዲስ ሽንት ቤት ያስቆፈረው በሰኔ ነበር። ጊዜው ገጠመላት። ቦታውም ገጠመላት፤ የእሱ ግቢ ከላይ፣ የእሷ ከታች፣ ጣና ደግሞ ከሁሉም በታች። ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሁሉ በእሷ ጉድጓድ ሳያልፍ ይቀራል?

ሰላምታው እንኳ ተለውጦባታል፤ ድሮ «እንዴት አደሩ» ሲላት ቆሞ ነበር፣ አሁን እየተራመደ ነው። ዓርብ ማለዳ ደግሞ ሚስቱን ባጃጅ ውስጥ አስገብቶ ሲከንፍ አየችው። «እንዳትመሰክርበት ሊያሸሻት ነው» አለች ለራሷ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ትወዳለች፤ ሠላሳ ዓመት በገበያ ያቆየኝም እሱ ነው ባይ ናት። ዛሬ እሑድ አራት ሰዓት ላይ የእድሩ ዳኛ አቶ ምናሴ ለሽምግልና ይመጣሉ። ቀዩ በጉድጓዷ እንደወጣ ባልዲውን ፊታቸው አቅርባ አስማማውን ሽንት ቤቱን ልታስደፍነው ቆርጣለች።

«አውቆብኛል!» አለች ወደ ልጇ ወደ ሒክማ ዞራ። «ቀዩን አይቶ አረንጓዴ ደረበበት። ሊያሳብደኝ ነው!»

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የደረሰችው ሒክማ እጇን እያፍተለተለች ቆመች።

«እማ፣ አረንጓዴውን የጨመርሁት እኔ ነኝ።»

«የት?»

ሒክማ በአገጯ ከፓፓያው ወዲያ አመለከተች። «እኛ ሽንት ቤት። የኛንም ልሞክረው ብዬ፣ ትናንት ጠዋት።»

«የኛ ከጉድጓዱ በታች አይደለም እንዴ? ውሃ ሽቅብ ይወጣል?»

«ቁልቁለቱ ከላይ የምናየው ነው። ከሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅጥቅ ነው። ዝናቡ ይሰርግና ስንጥቁን ተከትሎ ይሄዳል፣ ጣና እስኪደርስ ስንት ቦታ ይታጠፋል። አንቺ ስትቀጂ ደግሞ ጉድጓዱ ይጎድልና ከዙሪያው ይስባል። የሱ ቀይ ሦስት ቀን ሞላው፤ አንድ ጠብታ አየሽ? የኛ ባንድ ሌሊት መጣ።»

ሐሊማ ባልዲውን አየችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ስለ እሷ የተተረተ መሰላት።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ድፊው። ቶሎ!»

ሒክማ ሳትንቀሳቀስ በሩ ተንኳኳ። ሐሊማ ባልዲውን ራሷ እየጎተተች ሳሎን አስገባችና ከበሩ ኋላ ሰፌድ ከደነችበት።

አቶ ምናሴ ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡ። አስማማው ከጎናቸው ሆነ። ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ናቸው።

«እትዬ ሐሊማ፣ ልጁ እንዴት አደረ?» አላት።

ምን ሊያወጣጣኝ ነው፣ አለች በሆዷ፤ አመል አይለቅ ነገር። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ዘጋችው።

«ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ አሉ» አሉ አቶ ምናሴ። «እናንተን ደግሞ ውሃ አስጮኻችሁ። በሉ፣ ማን ይጀምር?»

«ክርክር የለኝም» አለ አስማማው። «የኔ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ግን ሕፃን ታሟል። ከኪዲ ጋር ተማከርንና ልንደፍነው ነው። ነገ ሰው አስገባለሁ።»

«አራስ ይዛችሁ በምን ልትገለገሉ ነው?» አሉ አቶ ምናሴ።

«እኔስ ፋብሪካው አለልኝ። እሷ እንግዲህ ጎረቤት ትለምናለች።»

ዳኛው ወደ ሐሊማ ዞሩ። «ይኸው ሰውዬው ተሸነፈልሽ። ይበቃሻል?»

ስትመኘው የከረመችው ይኸንኑ ነበር። «አዎ» ማለት ብቻ ነው የቀራት። ደስታው ግን አልመጣላትም፤ የመጣው ሀፍረት ነው። ሒክማ ወለሉን ታያለች። ሐሊማ ተነሥታ ባልዲውን መሐል አወጣችና ሰፌዱን ገለጠችው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ምናሴ።

«የኔ ሽንት ቤት ነው» አለች። «ሒክማ ቀለም ጨምራበት በጉድጓዴ ወጣ። የሚደፈነው የኔ ነው።» ወደ አስማማው ዞረች። «ያንተ ውስጥም ጨምሬ ነበር፣ አስማማው። ቀይ። ኪዲን ልጠይቅ በመጣሁ ዕለት። እሱ አልወጣም።»

አስማማው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ቀዩ የርስዎ ነበር?»

«የኔ ነው።»

«ኪዲ ሲሚንቶው ላይ አይታ የራሷ ደም መሰላት። ዓርብ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ምንም የለባትም አሉን። እሷ ግን አላመነችም፤ ሌሊቱን ሁሉ እየተነሣች ራሷን ታያለች። ሕፃኑን ለማን ልተው ነው እያለች ታለቅሳለች።»

ሐሊማ አፏን በእጇ ያዘች። ያ ባጃጅ ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት። አቶ ምናሴም ከዘራቸውን ፈለጉ።

«እኔ እነግራታለሁ» አለ አስማማው ሊነሣ እያለ።

«ተቀመጥ» አለችው ሐሊማ። «እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ሳሙናም ስኳርም አልያዘችም፤ በባዶ እጇ የአስማማውን በር አንኳኳች።