ጠገብኩ ብል ማን ያምነኛል

ስበላ ያየኝ ሰው ጉድ ይላል፤ ቁመናዬን ያየ ደግሞ ያዝንልኛል። እንጨት ሥራ ቤት አብረውኝ የሚውሉት አናጺዎች «ቀዳዳው ስልቻ» ነው የሚሉኝ። ሥጋ በሉት፣ ዘይት የጠጣ ሩዝ በሉት፣ ምኑንም ብበላ ሆዴ «በቃኝ» አይልም ነበር። ከማዕድ ስነሳ ይርበኛል። ቀበቶዬን ግን በየጊዜው አዲስ ቀዳዳ እበሳለት ነበር።

አንድ እሑድ አማቴ ለምሳ መጡ። እንደገና ወደ ድስቱ እጄን ስዘረጋ ሚስቴ፣ «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ልጆቹም እኮ ሆድ አላቸው!» አለችኝ። አማቴ አቀርቅረው ብርጭቋቸውን ያሽከረክሩ ጀመር። ትንሹ ልጄ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «አባዬ፣ የኔን ብላ» አለኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ከዚያ ወዲያ ጥቂት ቀማምሼ «ጠገብኩ» እያልኩ መነሳት ሆነ ሥራዬ። ሚስቴ «አኮረፍክ እንዴ?» ስትለኝ፣ «ሙቺ፣ ጠግቤያለሁ!» እላታለሁ። ውሸቴን! ወጥቼ ዳቦ እገዛና ከጣውላው ክምር ጀርባ ቆሜ እንደ ሌባ እሰለቅጣለሁ። «ርቦኛል፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም» ብላት ምን ነበረበት? ኩራቴ ይደፋ!

በመጨረሻ ሥራ ላይ ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። ሐኪሟ መርምራኝ፣ «ቆሽትዎ ነው» አለች።

«እሱማ ካረረ ቆየ» አልኳት። አልሳቀችም።

«የበሉት ስብ አንጀት ውስጥ ሲሰባበር፣ አንጀትዎ ለአንጎልዎ ‹ጠግበናል› ብሎ ይልካል። ቆሽትዎ ግን ስቡን የሚሰባብረውን ፈሳሽ አያመነጭም። ስለዚህ ስቡ እንደገባ ይወጣል፣ ሰውነትዎ ይከሳል፣ የጥጋቡም ወሬ በቅጡ አይደርስም። ሆዳምነት አይደለም፤ በሽታ ነው።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሚስቴ ፊቷን በእጇ ሸፍና፣ «ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!» ብላ ተንሰቀሰቀች። እኔም አላስቻለኝም፤ አለቀስኩ።

አሁን ከምግብ ጋር የምውጠው መድኃኒት አለኝ። ትናንት ምሳ ላይ አንዱን ሳህን ሳልጨርስ ሆዴ ረጋ አለ። ማንኪያዬን ይዤ ደነገጥኩ። ጥጋብ ለካ እንዲህ ነበር!

«ጠገብኩ!» አልኳት ሚስቴን በደስታ።

ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አሁንም ይቅር አላልከኝም?»

«ኧረ እውነቴን ነው! ሙቺ፣ ጠግቤያለሁ!»

«ያኔም እንዲሁ ነበር የምትለኝ።»

እውነቷን እኮ ነው። ያቺን ቃል ራሴው ነኝ ያበላሸኋት። ሳህኔን አቀረብኩላት፤ ሞላችልኝ። እስከ ጉሮሮዬ ጠግቤ፣ እሷ እያየችኝ አንድ በአንድ ዋጥኩት። ስጨርስ እንባዋን ጠረገችና ፈገግ አለች።

«ልጨምርልህ?»

«ጨምሪልኝ» አልኳት።