ከግራ በኩል

«ይኼኛውም ይዘገያል» አለ ሾፌሩ።

ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ግድግዳውን ሞልቶ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ጥፋተኛ እንዳገኘ ሰው ትክ ብሎ አየው። ስክሪኑ ላይ ሲነዳት የቆየችው ቀይ መኪና አፍንጫዋ ተጨፍልቆ መንገዱ መሃል በጎኗ ተኝታለች። ከግራ መጥቶ የገጫት ነጭ ጭነት መኪና ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ቀጥሏል። ይህ ሦስተኛው ቴሌቪዥን ነው። በሦስቱም ላይ የደረሰበት አንድ ዓይነት ነው፤ መንገዱ ባዶ ሆኖ ይታየዋል፣ ነዳጅ ይሰጣል፣ ከዚያ ከየት መጣ ሳይባል አንድ ነገር ከጎኑ ይላተመዋል።

ሻጩ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ የዋለ ሰው ድካም ፊቱ ላይ ቢነበብም ድምፁ ላይ የለም። ርካሾቹ ቴሌቪዥኖች ጌም ላይ ትንሽ እንደሚያዘግሙ፣ ጣት የነካውን ስክሪኑ እስኪያሳይ ቅጽበት እንደሚያልፍ ገና ከመጀመሪያው ለሾፌሩ፣ ለሚስቱና ለልጃቸው አስረድቷቸው ነበር። ሾፌሩም ምክንያቱን ሲሰማ ልቡ አርፎ ነው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው የተዛወረው። አሁን ግን ሻጩ ሪሞቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያቀያየረ አመነታ።

«ጋሼ፣ ከዚህ የሚፈጥን በመደብሩ ውስጥ የለንም።»

ቤታቸው የነበረው አሮጌ ቴሌቪዥን ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀርቷል፤ ቤተሰቡም እንደ ሬዲዮ ከብቦ ሲያዳምጠው ሰንብቷል። አዲስ ይገዛ በሚለው ሁሉም ቢስማሙም የትኛው ይገዛ የሚለው ግን እናትና ልጅን አኳርፏል። ልጁ ኮሌጅ ውሎ ማታ ማታ ጓደኞቹን ሰብስቦ ጌም የሚጫወት ነውና፣ ፈጣን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ ያፈጠጠ ዓይኗን የምታሳርፈው በፊልም ነው። የእሷ ጣጣ ጨለማው ነው። በአሮጌው ቴሌቪዥን ሌሊት የሚሆነው ነገር ሁሉ ጥቀርሻ ይመስል ስለነበር፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳላይ ስንት ፊልም አለቀብኝ ትላለች። ሁለቱም አልሰማ ሲሉ ዳኛው አባት ሆነ። ከዚህ ቀጥሎ የከሰዓት ፈረቃ ስለሚጠብቀው የአውቶቡስ ድርጅቱን ሰማያዊ ደንብ ልብስ እንደለበሰ መጣ። ልጁም መደብሩ ውስጥ የመኪና ጌም ተከፍቶ ሲያይ፣ በዚህ ላይ ከአንተ የተሻለ የሚፈርድ የለም ብሎ ጆይስቲኩን አስይዞ ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ያለው ሶፋ ላይ አስቀመጠው።

ልጁ እውነቱን ነው። ሾፌሩ ከወጣትነቱ ጀምሮ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አንድም ሰው አልነካም። ባልደረቦቹ «ጭረት አልባው» ይሉታል፤ አንዳንዱ በአድናቆት፣ አንዳንዱ ቀስ ማለቱን ለማሾፍ። እሱ ግን ሁለቱንም እንደ ማዕረግ ይወስደዋል።

«እስቲ አንተ ያዘው» አለው ልጁን።

ልጁ ሶፋው ላይ ዘፍ ብሎ ጀመረ። ቀይዋ መኪና በሌሎቹ መሃል እንደ ዓሣ ተሹለከለከች። ጭነት መኪናው ከግራ ሲመጣ ልጁ ገና ከሩቁ ቀነስ አደረገ፣ አሳለፈው፣ ቀጠለ። አይዘገይም፣ ምንም አይልም ብሎ ለአባቱ አሳየው። ይልቅ አንተ በጌም ዓለም መንጃ ፈቃድህን ሊነጥቁህ ነው ብሎም ሳቀ። ሻጩ በጨዋነት ፈገግ አለ።

ሚስቱ አልሳቀችም። ሾፌሩ ይህን ያወቀው ቆይቶ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ስክሪኑን ትታ እሱን ነበር የምታየው፤ ስፌት ላይ የተጣመመ መስመር ስታገኝ እንደምታየው፣ ግንባሯን ሳታኮሳትር።

ጆይስቲኩን መልሶ ተቀበለ። ጆሮው አካባቢ ሙቀት ተሰማው። በዚህኛው ዙር ጥርሱን ነክሶ መንገዱን ጠበቀ፤ መብራቱን፣ አስፋልቱን፣ ከፊት ያለችውን ታክሲ። ሁሉም ጥርት ብሎ ይታየዋል፤ የታክሲዋን ሰሌዳ እንኳ ማንበብ ይችላል። መንገዱ ባዶ ነው። ነዳጅ ሰጠ። አንድ ብስክሌተኛ ከቀይዋ መኪና ኮፈን ላይ ተስፈንጥሮ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ።

ሌላ ነገር ትዝ አለው። ባለፈው ሰሞን አንድ ሞተረኛ እንዲሁ ከመሬት እንደበቀለ ሁሉ ጎማው ሥር ሊገባ ለጥቂት ነበር። ፍሬን የረገጠው ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ ሲጮህ ነው። ወርዶ ሰውየውን የአፉን ያህል ሰደበው። ሞተረኛው ግን መልሶ አልተሳደበም፤ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ያየኸኝ መስሎኝ ነው የገባሁት ብቻ አለው። ከዚያ በፊትም የመናኸሪያው በር የግራ መስታወቱን አጥፎበታል፤ ሲሠሩት አጥብበውት ነው ብሎ አለፈው። ቤት ውስጥ ሚስቱ በግራ ጎኑ የምታስቀምጠውን ብርጭቆ ደጋግሞ ሲደፋ እሷ፣ ተናዶ ነው ብላ ታኮርፍ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጠረጴዛው ነው የጠበበው ይል ነበር። ለሁሉም መልስ ነበረው። ለእያንዳንዱ ለየብቻው።

ተነሣ። ገመድ አልባውን ጆይስቲክ እንደያዘ ሶፋውን አልፎ፣ ጀርባውን ሳይሰጥ ወደኋላ ሄደ፤ ማቀዝቀዣዎቹ ከተደረደሩበት እስኪደርስ። ሻጩ፣ ከቅርብ ሲታይ ነው የሚያምረው ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ከዚያ ርቀት ቴሌቪዥኑ አነስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር በአንድ እይታ ገባለት። እንደገና ነዳ። ጭነት መኪናው ከግራ መጣ። ከዳር ብቅ ሲል፣ ሲቀርብ፣ ፊት ለፊቱ ሲያልፍ ሁሉንም አየው። ቴሌቪዥኑ አልዘገየም። ሌሎቹም አልዘገዩም ነበር።

ሾፌሩ ባለበት ቆሞ ቀረ። ዓይኑን ከስክሪኑ ቢያነሣ በመደብሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቅበት መሰለው። ጣቶቹ መንዳት ቢያቆሙም ጆይስቲኩን አልለቀቁትም። ምንም ነገር ጨልሞ አልታየውም እኮ፤ ያሳበደው ይህ ነው። ጨለማ ቢያይ ኖሮ ጨለማ ነው ይል ነበር። እሱ ግን ያየው ባዶ መንገድ ነው።

ሚስቱ መጥታ በግራው ቆመች። መምጣቷን ያወቀው በጫማዋ ድምፅ ነው።

«ወደኔ እንዳትዞር» አለችው፣ ልጃቸውና ሻጩ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እጄን አንሥቼልሃለሁ። ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

ስክሪኑ ላይ ቀይዋ መኪና ማንም ሳይነዳት ቀስ እያለች ወደ መንገዱ ዳር ተጠጋች።

«አላነሣሁትም» አለች።

ሊቆጣ ፈለገ። ግን አልሆነለትም። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀችው፤ አላውቅም አላት፣ ይህም እውነት ነበር፣ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። ዛሬ እንዳትሄድ አለችው። እሱም በዚህ ሰዓት ተተኪ ሾፌር ከየት ይመጣል፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፣ የዛሬን አንገቴን እያዞርኩ እወጣዋለሁ፣ መንገዱን እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ አለ። የመጨረሻውን ቃል ከተናገረው በኋላ ራሱም ሰማው።

«መንገዱንማ ታውቀዋለህ» አለች ሚስቱ። «የሚሻገረውን ሰው ግን አታውቀውም።»

አልጮኸችም፤ ክንዱንም አልያዘችም። ብትይዘው ኖሮ የሚላቀቀው ነገር ያገኝ ነበር። ልጁ ከወዲያ፣ እህ፣ የትኛው ይሁን ሲል ሾፌሩ ጆይስቲኩን ማቀዝቀዣው አናት ላይ አኖረና፣ እናትህ ትምረጥ ብሎ ወጣ።

መናኸሪያው ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን መንገዱ ረዘመበት። በግራ ትከሻው ሰው በነካው ቁጥር ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይላል፣ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀጥ ብሎ እያየ፣ የግራ እጁን ጣት ከጆሮው አጠገብ አንሥቶ ቀስ በቀስ ወደፊት አመጣው። ጣቱ ብቅ ያለው ወደ አፍንጫው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንዲት መንገደኛ ገልመጥ አድርጋው አለፈች። እሱም እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ። እየሄደም ለራሱ መላ አበጀ። አንገት የተፈጠረው ለመዞር ነው፤ አንዴ ከማየት ሁለቴ፣ ሁለቴ ከማየት ሦስቴ አያለሁ፣ ደግሞም ከድሮው ይበልጥ ቀስ እላለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ሲደርስ መላው ሙሉ ለሙሉ ያሳመነው ሰው መስሎ ነበር።

አውቶቡሷ ተጠርጋ ቆማለች፤ ተሳፋሪውም እየገባ ነው። ጎማዎቹን በጫማው ጫፍ መታ መታ እያደረገ ዞራት። መስታወቶቹን ወለወለ፣ የግራውን ሁለት ጊዜ። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተደላደለ። ከኋላው አንዲት እናት ሕፃኗን፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጥ፣ ሁሉም ነገር ይታይሃል ስትለው ሰማ። ከቢሮው መስኮት የስምሪት ኃላፊው፣ ስልክ እያወራ፣ ውጣ የሚል ምልክት ሰጠው።

ሞተሩን አስነሣ። ወደ ግራ ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ወደፊት አየ። እንደገና ወደ ግራ፤ የለም። የቀኙን መስታወት አየ፣ ፊት ለፊቱን አየ፣ ፍሬኑን ለቀቅ አደረገ። አውቶቡሷ ተንቀሳቀሰች። የተሳካለት መስሎት ትንፋሹን አወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ግራ ሲዞር የመናኸሪያው ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል፤ እጅ ቢዘረጋ በሚነካበት ርቀት፣ አንድ ትልቅ ጎማ እንዳይንከባለል በጉልበቱ ደግፎ።

ፍሬን ረገጠ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደፊት ተንገጫገጨ፤ ከኋላ አንድ ነገር ወደቀ።

ጎሚስታው ግን አልደነገጠም። አውቶቡሷ እስክታልፍለት ነበር የሚጠብቀው። ቀና ብሎ፣ ቅሬታና ቀልድ በተቀላቀለበት ድምፅ፣ «ዛሬስ አየኸኝ» አለው። «ስንት ጊዜ እዚሁ ቆሜ ሰላም ስልህ ዘግተኸኝ ታልፋለህ። ምን በድዬው ነው እያልኩ ነበር።»

ሾፌሩ ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዓመት አንድ ግቢ ሠርቷል። ስንት ጊዜ ነው ያለው? ሰላምታ የነፈጋቸው መስሏቸው ቅር ያላቸው ሌሎችስ ስንት ይሆኑ? ቅር ሳይላቸው፣ ምንም ሳያውቁ፣ በዚያ በኩል ከጎማው ፊት ለጥቂት ያለፉትስ? የጎሚስታው ፈገግታ ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ፤ አሞሃል እንዴ ብሎ ጠየቀው።

ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ቁልፉን አዞረ። የሞተሩ ድምፅ ሲቆም የሰዉ ትንፋሽ ተሰማ። ከኋላ አንዱ፣ ምነው አንሄድም እንዴ ሲል ሌላው፣ ሳትበላሽ አትቀርም ብሎ መለሰለት። በሩን ከፍቶ ወረደና ግቢውን አቋርጦ ወደ ስምሪት ክፍል ሄደ።

ኃላፊው ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ በመስኮቱ አሻግሮ የቆመችውን አውቶቡስ፣ ከዚያም እሱን አየ።

«መኪናዋ ምን ሆነች?»

«መኪናዋ ደህና ናት» አለ ሾፌሩ።

ከኋላው የአውቶቡሷ የተሳፋሪ በር ሲከፈት፣ ሰዎች እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ሲወርዱ ሰማ። ሕፃኑ ለምን እንደሚወርዱ እናቱን ይጠይቃል። ሾፌሩ አልዞረም። ኃላፊው ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቀሪውን እስኪናገር ይጠብቀው ጀመር።