የሱቅ አሥራ ስድስት

ላቀው ክፉ ሰው አልነበረም። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የሠራውን ስትሰሙ አፋችሁን ሞልታችሁ እንዳትረግሙት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመንገድ ጥገና ቡድን ውስጥ ብሎን ሲመርጥና ሲያጠብቅ ኖሯል። ከንፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ እጁ ያልነካው ድልድይና የመንገድ ዳር የብረት አጥር የለም። ብሎን በመዳፉ መዘን አድርጎ «ይሄ ይይዛል፣ ይሄ አይይዝም» ካለ አለቀ፤ የሚከራከረው አልነበረም።

ሰናይት እስክትመጣ ነው ታዲያ!

ሰናይት ትምህርቷን ከጨረሰች ሁለት ዓመት ያልሞላት የእስቴ ልጅ ናት። ቡድኑን እንድትመራ ስትላክ ሠራተኛው ገና ከመጀመሪያው ቀን «ኢንጂነር» አላት። ላቀው ግን ያው ጋሽ ላቀው ነው። ጋሽ ላቀው መሰላሉን ይያዙልን፣ ጋሽ ላቀው ሲሚንቶውን ይጠብቁልን። በዚያ ሁሉ ዓመት ስብሰባ ላይ «አቶ ላቀው ምን ይላሉ?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው የለም። ይሄ ነገር ሆዱን ሲበላው ኖሯል።

ብሎን መምረጡም ወደ እሷ ዞረ። የከፋው ደግሞ አለመሳሳቷ! አንድ ቀን የመጣውን ብሎን አገላብጣ አይታ «ይሄ ዝገት ይጀምረዋል፣ ሁለት ክረምት አይሻገርም» ብላ መለሰችው። ላቀው ራሱ ያንኑ ሊል አፉን ሲከፍት ነው የቀደመችው። እርር ድብን አለ። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለየኔነሽ ቢያማት፣ እሷ ደግሞ «እኔስ ልጅቱን ወደድኳት። ገበያ አግኝታኝ ዘንቢሌን ተሸከመችልኝ» አትለውም! እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው የሚለውን ቄሱ ሲያነቡ ስንቴ ሰምቶታል፤ ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሰናይት ለስብሰባ ወደ ደብረ ታቦር ልትሄድ ስትነሣ ጠራችው። ከአርብ ገበያ በላይ ዝንጀሮ ገደል የሚሉት ጠመዝማዛ አለ፤ አዲስ የብረት አጥር ሊተከልበት ነው።

«ጋሼ፣ የአጥሩን ብሎን እርስዎ ከንፋስ መውጫ ያምጡልኝ። አሥራ ስድስት ነው። እርስዎ ካዩት እኔ ባላየውም ግድ የለኝም።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ኢንጂነር «አሥራ ስድስት» ሲል የብሎኑን ውፍረት ነው። ባለ ሱቅና መካኒክ «አሥራ ስድስት» ሲል ግን የሚፈታበትን መፍቻ ቁጥር ነው። የኢንጂነሩ አሥራ ስድስት፣ ያ ወፍራሙ፣ ሱቅ ውስጥ ስሙ ሃያ አራት ነው። ሱቅ ገብታችሁ «አሥራ ስድስት» ካላችሁ የሚሰጣችሁ ለአልጋ እግር የሚሆን ቀጭን ብሎን ነው። ሰናይት ይሄን የሱቅ ቋንቋ አታውቅም። ላቀው ያውቃል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ኢንጂነሮች ያዘዙትን ሁሉ በልቡ እየተረጎመ ሲገዛ የኖረው እሱ ነው።

ያን ቀን ግን አልተረጎመም።

«ስንት ቁጥር ልስጥዎ?» አለው ባለ ሱቁ ምንይችል።

«አሥራ ስድስት። ሁለት መቶ ፍሬ።»

«ለምን ሥራ ነው?»

«ለመንገድ አጥር።»

ምንይችል ቀና ብሎ አየው። «ለአጥር ሁሌ ሃያ አራት አይደል እንዴ የሚወስዱት?»

«ኢንጂነሯ አሥራ ስድስት ብላለች። እኔ ምን አገባኝ? የታዘዝኩትን ነው!»

አልዋሸሁም፣ አለ በልቡ። በሚቀጥለው ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ያን ቀጭን ብሎን አይቶ «ይሄን የመረጠ ማነው?» ይላል። ያኔ ሰው ሁሉ ወደ ሰናይት ይዞራል። ላቀው መንገዱን ሁሉ ይቺን ሲያስብ ሄደ፤ ደስ አለው።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ አጥሩ ቆመ። የብረቱ ቀዳዳ ለብሎኑ ስለሰፋ ላቀው ሮንዴላ በሚሉት ሰፋፊ የብረት ቀለበት ሸፈነው። ከፊት ለፊት ላየው ያማረ ሥራ ነበር። በበቅሎ የሚያልፉ ቄስ፣ አባ ወልደ ሰንበት፣ ቆም ብለው ባረኩ።

«እሰይ! ስንቱን ነፍስ ከገደል አተረፋችሁ! ማነው ይሄን አስቦ የሠራው?»

«ኢንጂነር ሰናይት ናት፣ አባ» አለ አንዱ ሠራተኛ።

«ዕድሜ ይስጣት፣ በሉ አሜን በሉ!»

ሁሉም አሜን አለ። ላቀውን ግን አሜኑ ከአፉ አልወጣልህ አለው።

ሠራተኛው ለምሳ ሲበተን እሱ ብቻውን ቀረ። ነገ አርብ ነው። ገበያተኛ የጫነ አይሱዙ በዚህ ጠመዝማዛ ሲወርድ ይውላል። እስከ ሰኞ ማን ይገጨዋል ብሎ ራሱን አጽናና፤ ደግሞ መልሶ ጨነቀው።

ይሄኔ ሰናይት ከሚኒባስ ወረደች። አቧራ ለብሳለች፣ ወረቀት ይዛለች፣ ከሩቅ ትስቃለች።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት!»

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «አቶ ላቀው ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የብሎንና የማሰሪያ ምርጫ ኃላፊ ሆነው ተመድበዋል» ይላል። ማኅተም አለው።

«የሄድኩት ለዚህ ነበር» አለች። «እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው፣ ብሎኑን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው ብዬ ሦስት ቀን ተከራከርኩልዎ። ይሄ አጥር የመጀመሪያው በስምዎ የተመዘገበ ሥራ ነው።»

ላቀው እጁን ዘርግቶ አጥሩን ያዘ፤ ወዲያው ለቀቀው።

«ሰናይት፣ ብሎኑ ያንቺ አሥራ ስድስት አይደለም። የሱቅ አሥራ ስድስት ነው።»

አልገባትም፤ አስረዳት። ዞራ ከኋላ በኩል ብሎኑን ከሚያጠብቀው ዳዶ የወጣውን ቀጭን ጫፍ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ወይኔ! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለይቼ አልነገርኩዎትም። እርስዎም በምን ያውቃሉ? የስም ስህተት ነው፣ አይደል ጋሼ?»

ምሕረቱን በእጁ ሰጠችው፣ በሞቴ! አዎ ቢል ያልቅ ነበር። ወረቀቱ በእጁ፣ ስሙም በቦታው ይቀር ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ቀናሁብሽ። አውቄ ነው ያደረግሁት።»

ሰናይት ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስልኳን አውጥታ ለባለ ሱቁ ለምንይችል ደወለች።

«ሃያ አራት ብሎን፣ ሁለት መቶ ፍሬ። አዎ፣ የሱቅ ሃያ አራት! አሁን በሚነሣው መኪና ላክልኝ፤ ለነገ ገበያ መድረስ አለበት።»

ከዚያ ጃኬቷን አውልቃ ከአጥሩ ሥር ተንበረከከች። ዞር ብላ ሳታየው እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

«አሥራ ስድስት ቁጥሩን መፍቻ ያቀብሉኝ» አለች፣ «አቶ ላቀው።»